ፍራሽህ ላይ ያለው ዲስክ

ታፈሰ፣

ፍራሽህ ላይ ያለው የፍሬን ዲስክ ከምትነዳው መኪና የፈታሁት ነው። አንሶላህን ስላቆሸሸው ይቅርታ።

ለአለቃችን ስለ እኔ «ዮሳዲቅ የፍሬን ሸራውን አበላሽቶ ገጥሞ ፍሬን እምቢ አለኝ» ብለሃል። ማታ ከኔ ጋር አንድ ሳህን ስትበላ ግን ትንፍሽ አላልክም።

ገልብጠህ እየው። በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተህ በፎሌ እየለቀቅክ፣ ፍሬን ላይ ቆመህ ስትወርድ ነው እንዲህ የሚሆነው።

የሌላውን ጎማ ዲስክ ጠዋት አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። የድሮ ሹፌር ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እኔ ከክፍላችን ወጥቼ አምቡሊ ሰፈር ሌላ ክፍል ይዣለሁ።

አዲስ ዲስክና ሸራ ገጥሜያለሁ። እስኪላመድ ሁለት ቀን ፍሬኑ በኃይል አይረገጥም።

ይህን ለሌላው ሹፌር ለከይረዲን ንገረው። የመኪናውን ቁልፍ ሊቀበልህ ከምሳ በኋላ ይመጣል።