በፋብሪካው በር ላይ የዋሸሁት ደመወዝ

ጥቅምት 21 ቀን

ለልጄ፣ ለቤቴ ምሰሶ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲሆን ያስቸግራታል። «ከብስኩት ፋብሪካው ለቅቄ እንደ አባቴ ፖሊስ ልቀጠር ነው» ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶናል። እናትሽ አንብባ አጠፈችውና፣ «እውነቱን የምትነግራት አንተ ነህ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ባለፈው ሳምንት እዚህ የክር ፋብሪካው ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። እኛ ፖሊሶችም ለጸጥታ ተብሎ በሩ ላይ ተሰለፍን። አንዲት ያንቺ እኩያ የምትሆን የማሸጊያ ሠራተኛ፣ ፀጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ እንዳለ፣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባባ፣ በዚህ ደመወዝ እንዴት ይኖራል?» ብላ የምታገኘውን ነገረችኝ። «ለእርስዎስ ስንት ይከፍሉዎታል?»

የሷ ከኔ ይበልጣል። ዕድሜዬን ሙሉ አገልግዬ ያልደረስኩበት ነው። የደንብ ልብስ ለብሼ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ምን ልበል? ላንቺ ስነግርሽ የኖርኩትን ነገርኳት፤ የእውነተኛ ደመወዜን እጥፍ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔን ሁለቱም አግኝተውኛል።

ልጅቷ ወደ ጓደኞቿ ዞረችና፣ «ሰማችሁ? የፖሊስ ያህል ይከፈለን!» አለች። ሁሉም ተቀበሏት።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ጣቢያችን ደውሎ ጠየቀ። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ይዞ ወጣና፣ «የፖሊስ ያህል ነው ያላችሁት? እሺ፣ ከነገ ጀምሮ እንቀንስላችኋለን» ብሎ ትክክለኛውን ደመወዜን ተናገረ። የቢሮ ሰዎች በመስኮት ሳቁ። ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ተራ በተራ ወደ ውስጥ ገቡ። በኔ ውሸት የስንቱ ሰው ጥያቄ መሳቂያ ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጅቷ ስታልፍ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «አባባ፣ ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካ ጥበቃ ይሞክሩ፤ ሳይሻል አይቀርም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ መልቀቂያ አስገብተሽ ከሆነ ሮጠሽ መልሺው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ፖሊስነቱን ከወደድሽው አልከለክልሽም፤ በሥራዬ አላፍርም። ግን በኔ ወሬ ተታለሽ አትምጪ። የምትልኪልንን ገንዘብ «ፖሊስ ቤት ምን ይጎድላል» እያልኩ ስመልስልሽ፣ እናትሽ የጉልበቷን መድኃኒት ሳትገዛ ከርማለች። ለኔ ክብር ብላ አንድ ቀን እንኳን አፏን አልከፈተችም።

ከክፉ ይሰውርሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እናንተ ጋ ለጥበቃ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይቀጥሩ እንደሆነ አጣሪልኝ። አባቴ ነው አትበያቸው፤ የማውቀው ሰው ነው በያቸው።

አባትሽ