ያላለቀ ሙያ ይዘው ካርቱም የወረዱት የአቶ እንዳላማው ወልደ ሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ እንዳላማው ወልደ ሰንበት ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሰንበት አወቀ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ፈንታ፣ በጎጃም አምበር አጠገብ ባለች የገበሬ መንደር በጥቅምት ወር 1901 ዓ.ም. ተወለዱ። ወንድሞቻቸው በልጅነት ስላረፉ ከታናሽ እህታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ጋር ብቻ አደጉ።

ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዲቁና ተቀብለው፣ ለቅኔ ትምህርት ወደ መርጡለ ማርያም ሄዱ። በ1921 ዓ.ም. መምህራቸው ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲነሡ ተከትለው ወጡ፤ መምህሩ ሲመለሱ ግን እርሳቸው እዚያው ቀሩ። የከተማው መብራት በምን እንደሚበራ ሳያውቁ መመለስ እንዳቃታቸው ለልጃቸው ነግረዋታል። በኢትዮጵያ ገዳም እያገለገሉ ዐረብኛ ለመዱና በ1922 ዓ.ም. አንድ የሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ክፍል ተቀበላቸው። ትምህርቱ የአራት ዓመት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሽቦ መዘርጋትና መብራት መትከል ይማራሉ፤ የሞተርና የጄኔሬተር ትምህርት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ዓመት እንደ ጨረሱ የአባታቸው ሞት ተነገራቸው። እናታቸው ብቻቸውን ስለ ቀሩ፣ አይቻቸው እመለሳለሁ ብለው በ1924 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ። ወደ ትምህርቱ ግን አልተመለሱም።

በ1925 ዓ.ም. ከወይዘሮ የብርጓል ታረቀኝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። በ1926 ዓ.ም. ልጃቸው ሥራነሽ ተወለደች። ያን ጊዜ በአካባቢው ሽቦ የሚያዘረጋ ሰው አልነበረምና የአባታቸውን መሬት ያርሱ ጀመር።

በግንቦት ወር 1928 ዓ.ም. ጠላት ደብረ ማርቆስ ገባ። ለምሽጉ መብራት የሚሰጥ ሞተር አምጥቶ ሙያተኛ ሲያፈላልግ፣ የመንደሩ ሰው የአቶ እንዳላማውን ነገር ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በአርበኝነት ሲነሣ የመንደሩ ጎተራ ተቃጠለ፤ ከብቱም ተነዳ። የሚያርሱበት በሬ፣ የሚዘሩት ዘር አልቀረላቸውም። ያላቸው ነገር ያ ያልጨረሱት ሙያ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለጠላት መሸጥ አልፈለጉም። ስለዚህ በሚያዝያ ወር ከነጋዴዎች ጋር ኬላ እየሸሹ ወደ ሱዳን ወጡ። ሲለዩ ለባለቤታቸው የተናገሩትን ወይዘሮ አሰገደች አብረው ቆመው ሰምተዋል። «ሥራ እንዳገኘሁ ሰው ልኬ አስመጣሻለሁ። ልጅቷን ይዘሽ ጠብቂኝ» ነበር ያሏቸው።

ካርቱም ደርሰው ወደ አንድ የመብራት ኩባንያ ሄዱ። ሽቦ ዘርጋ ተባሉ፤ አሳምረው ዘረጉ። ቀጥሎ የቆመ ሞተር አሳይተው ምን እንደ ሆነ ጠየቋቸው። አቶ እንዳላማው ከፍተው አዩት፤ ዙሪያውን ዳሰሱት፤ አላወቁትም። የትምህርት ምስክር ወረቀትም አልነበራቸውም። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «የጀመርከውን ጨርሰህ ና» ብሎ አሰናበታቸው። ለመጨረስ የሚበቃ ገንዘብም ሆነ መንገድ ስላልነበራቸው በዚያው ኩባንያ የቀን ሠራተኛ ሆነው፣ ሌሎች የሚቀብሩትን የመብራት ገመድ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከረሙ።

በ1931 ዓ.ም. አንድ ግሪካዊ ተቋራጭ ለቤት ሽቦ ሥራ ሊቀጥራቸው ፈቀደ፤ የመንግሥት የሥራ ፈቃድ እንዲያመጡ ግን ጠየቃቸው። ፈቃድ ሰጪው ሹም የየት አገር ሰው እንደ ሆኑ ጠየቃቸው፤ የኢትዮጵያ ሰው ነኝ አሉ። ሹሙም፣ «እንግሊዝ የጣልያንን ግዛት አውቋል። ኢትዮጵያ የሚባል መንግሥት የለንም። የጣልያን ተገዢ ተብለህ ከተጻፍህ ፈቃዱን ዛሬ እሰጥሃለሁ» አላቸው።

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አብረዋቸው የሚያድሩት ስደተኞች ነገሩን ሲሰሙ አዘኑላቸው። ከመካከላቸው አዛውንቱ አቶ መንግስቱ፣ ከዚህ ስም ረኃቡ ይሻላል ብለው መከሯቸው። አቶ እንዳላማው ምክሩን ተቀብለው ሰነበቱ። ኋላ ከአገር የመጣ ነጋዴ በጎጃም ተስቦ መግባቱን፣ እህልም መጥፋቱን አወራ። ያን ጊዜ ተመልሰው ወደ ሹሙ ሄዱና፣ «ያልከውን ጻፈው» አሉት። ይህን ቃል ከአፋቸው ያወጡት ሚስታቸውንና ልጃቸውን ለማስመጣት እንደ ሆነ ለልጃቸው በእርጅናቸው ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ነግረዋታል።

ሥራው ተገኘ። ስደተኞቹ ግን ሰላምታ ነሷቸው፤ በቤተ ክርስቲያንም አጠገባቸው የሚቆም ጠፋ። እርሳቸው ቤት ተከራይተው፣ ለባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ልብስና ብር ላኩ። በታኅሣሥ ወር 1932 ዓ.ም. ወይዘሮ የብርጓልንና ሥራነሽን እንዲያመጣላቸው አንድ ነጋዴ ከፍለው ሰደዱ። ነጋዴው አልተመለሰም።

በሰኔ ወር ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። ፖሊሶች የጣልያን ተገዢ የተባለውን ሁሉ ሲለቅሙ አቶ እንዳላማውን ከሚሠሩበት ቤት፣ ከመሰላል ላይ አውርደው ወሰዷቸው። ኢትዮጵያዊ ነኝ ቢሉም፣ በገዛ ቃልህ ያስጻፍከው ነው ተባሉ። አቶ መንግስቱ ቂማቸውን ትተው ሊመሰክሩላቸው መጥተው ነበር፤ የሚሰማቸው አላገኙም። በ1933 ዓ.ም. ስደተኛው በሙሉ በጎጃም በኩል አገሩን ነጻ ሊያወጣ ሲገባ፣ አቶ እንዳላማው ከጠላት ሰዎች ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ታግተው ነበር። የተፈቱት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ በክረምት ነው።

በመስከረም 1934 ዓ.ም. መንደራቸው ሲደርሱ እናታቸው በር ላይ ተቀበሏቸው። «ልጄ፣ እሷ የለችም። ይቺ ግን አለችልህ» አሏቸው። ሥራነሽ አባቷን አላወቀቻቸውምና ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ወይዘሮ የብርጓል ከሱዳን የሚመጣ ወሬ ለመጠየቅ ሮብ ገበያ ሲመላለሱ ተስቦ ይዟቸው በኅዳር 1932 ዓ.ም. አርፈዋል። ነጋዴው ሊያመጣቸው ከካርቱም ሲነሣ እርሳቸው ከተቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር። ከተላከው ልብስ የደረሰው አንዱ ብቻ ነው፤ የተገነዙትም በእሱ ነው።

በ1935 ዓ.ም. ጠላት ጥሎት የሄደውን ሞተር እንዲያንቀሳቅሱ ደብረ ማርቆስ ተጠሩ። ጥቂት ወራት አበሩት። ከዚያ ጄኔሬተሩ ቆመ፤ ሊያስነሡት አልቻሉም። ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ከአዲስ አበባ መጣና እርሳቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተደረጉ። ትምህርታቸውን ለመፈጸም በ1940 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሊነሡ ስንቅ ካዘጋጁ በኋላ በዚያም ጦርነት ተነሣ፤ መንገዱ ተዘጋ። ዳግመኛ ስለ መሄድ አላነሡም። በእርጅናቸው ወራት ደብረ ማርቆስ ለየቤቱ መብራት ሲያገኝ፣ ፈቃድ ባላቸው ወጣቶች ስም የብዙ ሰው ቤት ሽቦ ዘርግተዋል። ጎረቤት ሚስት እንዲያገቡ ቢመክራቸውም እሺ አላሉም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ለረጅም ጊዜ በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ልጃቸውን ወይዘሮ ሥራነሽን፣ አራት የልጅ ልጆችንና እህታቸውን ወይዘሮ አሰገደችን ትተው ሄደዋል።

በሕመማቸው ወራት እኛን ቤተሰቦቻቸውን የለመኑን አንድ ነገር፣ ከየብርጓል አጠገብ አሳርፉኝ የሚል ነበር። በ1932 ዓ.ም. በተስቦ ያለቁት ሰዎች በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በምዕራብ በኩል ያለ ምልክት ተቀብረዋል። የቀበሩትም ሰዎች አብዛኞቹ በዚያው በሽታ አልቀዋል። የወይዘሮ የብርጓል መቃብር የትኛው እንደ ሆነ ካህናቱን ጠየቅን፤ ሽማግሌዎቹንም ጠየቅን፤ የሚያውቅ አላገኘንም። ስለዚህ ዛሬ አቶ እንዳላማውን በዚያው ወገን፣ ባዶ በመሰለን ቦታ አሳርፈናቸዋል። ቦታውን የሚያውቅ ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ነፍስ ጋር በአንድ ስፍራ ያኑርልን። አሜን።