የወንድሜን ታንክ ስለቀባሁበት ቀለም

እኔ ተናዛዡ፣ ጡረታ የወጣሁ የመኪና ቀለም ቀቢ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት የሆነ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በገዛ ቤቴ በአልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የታመመው ሳንባዬ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ጸሐፊው የፍርድ ቤት ታይፒስት የነበረ ስለሆነ የተናገርኩትን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ቤቱን ከነዕቃው ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። የቀለም መርጫዬን ጎረቤቴ መካኒኩ ይውሰድ፤ ከተዋሰው ስድስት ዓመቱ ነውና ማጓጓዝ አያስፈልግም።

ሠላሳ አንዱን ትንንሽ ሞዴል ታንኮቼን፣ የቀለም ናሙናዎቼንና አራቱን የምርምር ደብተሮች ለሟች ወንድሜ ልጅ፣ ለፋርማሲስቱ፣ አውርሻለሁ። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። አባቱ ታንክ ነጂ ነበር፤ ከነታንኩ ተቃጠለ። ልጁ ያንን ታንክ በሞዴል ሊሠራው ስለፈለገ፣ ትክክለኛውን ቀለም አሥራ አንድ ዓመት አብረን ፈለግን። የቀድሞ ወታደሮችን ጠየቅን፤ የተላጠ ቆርቆሮ በማጉያ መነጽር መረመርን፤ የጦሩን የቀለም መመሪያም አገኘን። መመሪያው የማያብረቀርቅ፣ የደረቀ አፈር የሚመስል ቡናማ ያዛል። ከአባቱ ጓድ ባገኛቸው ሦስት ፎቶግራፎች ላይ ግን ታንኩ ያብለጨልጫል። ሲጠይቀኝ «ዝናብ መትቶት ነው» አልኩት። አምኖኝ በደብተሩ ጻፈው።

ዝናብ አልነበረም። ታንኩን የቀባሁት እኔ ነኝ። ያኔ በጦሩ ጋራዥ እሠራ ነበር። የወንድሜ ታንክ ከጥገና ሲወጣ የጦሩ ቀለም ከመጋዘን አልቆ ነበር። አለቃዬ «ሐሙስ ይገባል፣ ጠብቅ» አለኝ። የሠርግ ፈቃዴ የሚጀምረው ረቡዕ ነበር። ስለዚህ ለቢሮው በርና መስኮት የመጣውን የዘይት ቀለም በጥቀርሻ አጠቆርኩና ቀባሁት። ጋራዡ ጨለማ ስለነበር ማብለጭለጩ አይታይም ነበር። ወንድሜ ዙሪያውን አይቶ «አንተ ሙሽራ፣ እሷንም ኳልካት እንዴ?» ብሎ ሳቀና ነድቷት ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ እንደወጣ፣ እያብለጨለጨ ለጠላት ከሩቅ ታየ። ከአራቱ ታንኮች የተመታው የእሱ ብቻ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ አርባ ስድስት ዓመት ያዝኩት። ዛሬ ስናገረው አለቅሳለሁ ብዬ መሐረብ አስመጥቼ ነበር፤ አላስፈለገም። ልቤ ደንዝዟል።

ይህን ስናገር ልጁ ከግርጌዬ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ደብተሩን ገልጦ «ጋሼ፣ ጥቀርሻው ምን ያህል ነበር?» አለኝ።

«ለአንድ ጣሳ ሁለት ማንኪያ» አልኩት። ጻፈው።

ለፊርማ ስንደርስ ጸሐፊው ውርስ የሚቀበል ሰው ምስክር አይሆንም ብሎ መካኒኩን አስነሣው፤ አንድ ምስክር ጎደለ። ልጁ «እኔ እሆናለሁ» አለ። ጸሐፊው «ውርሱ ይቀርብሃል እኮ» ቢለው፣ «ይቅርብኝ። ይህን የሰማ የአባቴ ወገን ፈርሞ መገኘት አለበት» ሲል መለሰ። ወደ እኔ አላየም።

ይሁን ብያለሁ። ለእሱ የሰጠሁት ይሰረዝ፤ ታንኮቹ ለሴት ልጄ ይለፉ። በእርጥብ ጨርቅ እንዳትወለውላቸው፣ ቀለማቸው ይላጣል።

ተናዛዥ፦ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ
አንደኛ ምስክር፦ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ፊርማ
ሁለተኛ ምስክር፦ ጡረተኛዋ ነርስ፣ ፊርማ
ሦስተኛ ምስክር፦ ጸሐፊው፣ ፊርማ
አራተኛ ምስክር፦ የታንክ ነጂው ልጅ። የአባቴን ታንክ ማን በምን እንደቀባው ከቀቢው አፍ ሰምቼ ፈርሜያለሁ።