የወደራ መንገድ ሰላምታ

ጥር 18፣ ሰኞ

አማቴ ቅዳሜ ልጄን ሰናይትን ይዘው ይሄዳሉ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ነገሩኝ። አልጠየቁኝም፣ ነገሩኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ያለ እናት፣ ከወንድ ጋር፣ በዚህ በረሃ አታድግም። ደብረ ብርሃን እሳቸው ዘንድ ትሆናለች። «እርስዎም ያርፋሉ» አሉኝ።

ባለቤቴ አልማዝ ኅዳር ላይ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። አማቴ እማማ አስካለ ለአርባዋ መጥተው እስካሁን አሉ። ያዩትን ሁሉ ዛሬ ቆጠሩልኝ። አረቄ እጠጣለሁ። የአርባዋ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ሳልገባ ቀረሁ። ደግሞ ብስክሌቱ። «ከል የለበሰ ሰው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ለጨዋታ ብረት ይጋልባል?» ከሁሉም የባሰባቸው እሱ ነው።

ሁሉም እውነት ነው። አረቄውን ቀንሻለሁ እንጂ አላቆምኩም።

ከምሠራበት ከጦር ሰፈሩ ንብረት ክፍል ስወጣ ብስክሌቱን ይዤ ወደ ወደራ መንገድ። ከተዛወረ ሻምበል ላይ የገዛሁት ነው። ኬላው ላይ ያለው ወታደር እንደ ልማዱ፣

«ጋሽ መኩሪያ፣ ወዴት ነው?»

«የትም።»

«የትም በእግር አይደረስም?»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ለምን እንደምጋልብ እዚህ ልጻፈው፤ ለሰው አልነገርኩም። በእግር ስሄድ ሰው ያቆመኛል። እንደምን ዋሉ? መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከኅዳር ወዲህ ይህ ቃል ከአፌ አይወጣም። «አለሁ» እላለሁ። ሰዉ ፊቴን አፍጦ ያያል። ብስክሌት ላይ ሲሆኑ ግን እጅ ማንሳት ይበቃል።

ዳገቱን እኩሌታ ድረስ ወጣሁና አስመለሰኝ። ትናንት የጠጣሁት ነው።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ክርኔ ተልጧል።

ከዳገቱ ሥር ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ አሉ። አባ ዋሪዮ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅሁት ዛሬ ነው። ስመጣ አይተው መንገዱ መሀል ቆሙ፣ በትራቸውን አግድም ይዘው። ፍሬን ስይዝ ወደቅሁ። ሊያነሱኝ አልቸኮሉም።

«ስንት ቀን ሙሉ በእኔ በኩል ታልፋለህ፤ ናጋ አትልም። ጠላት ነህ? ወይ መርዶ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም፣ አባ።»

«እንግዲያ ተነሥና ሰላም በል።»

እጄን ይዘው አለቀቁኝም፤ ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ በኦሮምኛ። አካም? ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጆች ናጋ? ሚስት ናጋ? ለሁሉም ናጋ አልኩ። የሰው ቋንቋ ነው፤ አፌን አልከበደኝም። እሳቸውም ለሁሉም ናጋ አሉኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ቁጢጥ ብለው ወሬያቸውን ጀመሩ። ዝናቡ ስለቀረ ከብቶቻቸው አልቀዋል። የመጨረሻዋ ላም የሞተችው ትናንት ነው። ልጃቸው ውኃ ፍለጋ ወደ ዶሎ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል።

«አሁን ከብቱ ናጋ አላሉኝም?» አልኳቸው።

«ናጋ መጀመሪያ ነው የሚባለው። ሌላው ወሬ ነው፤ ኋላ ይመጣል። አንተስ ወሬ የለህም?»

«የለኝም።»

ብስክሌቱን ሳነሳ ጎማው ተንፍሷል። የግራር እሾህ።

«ይሄ አህያህ ምን ይበላል?» አሉኝ።

«እሾህ።»

«ታድሏል። ዘንድሮ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።»

ቤት ድረስ ገፋሁት።

ጥር 20፣ ረቡዕ

የተበሳውን የጎማ ካላማዳሪያ ለጠፍኩ። የወታደር መኪኖች አቧራ አለበሱኝ። አባ ዋሪዮ ጋ ቆሜ ሰላምታዬን ጨርሼ አለፍኩ።

ዳገቱን ወጣሁ! እስከ ጫፍ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ስረግጥ «አቤቱ» ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔው ነው። ማንን እንደጠራሁ አላውቅም። እላይ ደርሼ ብስክሌቱን ጥዬ ተቀመጥኩ። ከታች ከተማው፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት። ከጉልላቱ ሥር አልማዝ አለች። ብዙ አየሁ። መጠጣት አላሰኘኝም። ይህን የምጽፈው ስላስገረመኝ ነው።

እራት ላይ እማማ አስካለ ሰናይትን «ደብረ ብርሃን ስንደርስ እናትሽ ከጠበል ትመለሳለች» አሏት። የቀብሩ ዕለት ልጅቷን ጎረቤት ደብቀን እናትሽ ጠበል ሄዳለች ተባለች። እኔም ብያለሁ። ሰናይት እንጀራዋን ጎረሰች።

«ልጅ ናት፤ አይገባትም» አሉኝ በኋላ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ሰናይትን ሳላስፈቅድ ወሰድኳት። ከኋላ ጋቢ አጥፌ አስቀመጥኳት፣ ወገቤን ያዘች። ኬላው ላይ «የትም አሁን ተሳፋሪ አገኘ» አሉ።

አባ ዋሪዮ እንደ ትልቅ ሰው ሰላም አሏት። እሷም ወግ በያዘ ኦሮምኛ መለሰች፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደገችበት ነው። ፍየሎቹ ናጋ? ናጋ። አባት ናጋ? ናጋ። «ሃቲ ናጋ?» አሏት። እናት ሰላም?

«ናጋ።»

እኔ መሪውን ይዤ ቆሜአለሁ። ሰላምታው አለቀ። ሰናይት ልክ እንደ እሳቸው ቁጢጥ አለች፣ በእንጨት መሬቱን እየጫረች፣

«ሃቲ ኮ ዱቴ» አለች። እናቴ ሞተች።

እሳቸው ስለ ላማቸው እንደነገሩኝ ነው የተናገረችው። ሽማግሌው ራሷ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እኔን አዩኝ።

«ወሬ የለኝም ብለህ ነበር» አሉኝ።

ስንመለስ ጠየቅኋት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ጥቁር ለብሰሃል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ ጠበል አላችኋ።»

እማማ አስካለ ደጅ ቆመው ጠበቁን። «አንተ!» አሉኝ። ከጋብቻው ጀምሮ አንቱ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። «ልጄን እዚህ በረሃ ቀብረህ፣ ይቺንም ከብረት ላይ ልትጥላት ነው?» እሳቸውም ያጡት ልጃቸውን ነው። ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ሰማሁ።

አንድ መለኪያ ጠጣሁ።

ጥር 22፣ ዓርብ

እማማ አስካለ ዕቃ እያሰሩ ነው። ከዚህ ይሰማኛል። ገና አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ የነገውን መኪና ጋቢና እንድይዝ ላኩኝ። መኪናው ላይ ቦታ የሚመዘግበው ከበደ ነው፤ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል። ሲያየኝ ተነሣ።

«እንደምን ሰነበቱ፣ ጋሽ መኩሪያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ወጣ። ቃሉ ከአፌ ወጣ። እዚያው ቆሜ ደግሞ ወሬዬን አስከተልኩ።

«ባለቤቴ ሞተችብኝ፣ ከበደ።»

ደነገጠ። የጠጣሁ መስሎት ሳይሆን አይቀርም።

«አውቃለሁ እኮ፣ ጋሼ። ቃሬዛውን ተሸክሜ የለም እንዴ?»

«ተሸክመሃል። እኔ ግን አልነገርኩህም።»

«ነፍስ ይማር» አለ ቀስ ብሎ። ተቀመጠ። እርሳሱን አነሣ። «ጋቢናው ለስንት ሰው ይሁን?»

ለሁለት በል ተብዬ ነው የተላክሁት። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በመስኮቱ ብስክሌቱ ይታየኛል፤ ጋቢው ከኋላው ላይ እንደታጠፈ ነው፤ ትናንት አልፈታሁትም።

ወጣሁ።

«ጋሽ መኩሪያ!» አለ ከኋላዬ። «አንድ ነው ሁለት?»

ብስክሌቱን ይዤ አንድ ጣት አነሣሁለት።