ለበርበሬ ችግኞቼ መብራት በክንዳቸው መዝነው ለመረጡልኝ ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ትሪፑን ስታንቺች
የሕንፃችን ነዋሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበር
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሌስኮቫትስ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ሳምንት ለእኔ ሲሉ አራት ኪሎ ብረት ታቅፈው ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት መውረድዎን ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፈጣሪ ጉልበትዎን ይጠብቅልን፤ ከጉልበትዎ ሌላ ልንሳሳለት የሚገባ ነገር እንዳለዎት እስካሁን አላየንም።

ይህን ደብዳቤ በመግቢያው በር ላይ፣ ስለ ጫማ ማራገፍ ከለጠፉት ማሳሰቢያ ጎን የለጠፍኩት፣ ውለታዎ በእኔና በእርስዎ መካከል ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው። ጉዳዩን ለማያውቁ ጎረቤቶች ባጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ዶብሪቮዬ ዕድሜውን ሙሉ በመንደሩ የሚዘራው ቀይ በርበሬ ነበረው። እሱ ሞተ፣ ማሳውም ተሸጠ። ከዘሩ የተረፈው በቤቱ ክዳን ሥር ተንጠልጥሎ ከቆየ አንድ ደረቅ በርበሬ ያወጣኋቸው ሠላሳ ስድስት ፍሬዎች ብቻ ነበሩ፤ ይህ ዘር በሱቅም በገበያም የለም። የእኔ መስኮት ከግድግዳ ጋር ስለሚፋጠጥ ፀሐይ አያውቅም። ስለዚህ በየካቲት ወር በእርጎ ኩባያ ዘርቼ፣ ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማድረቂያ ክፍል አኖርኳቸው። ሃያ ዘጠኙ በቀሉ።

መብራቱን የሠራሁት በእጄ ነው። አሥራ ሁለት ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ደርድሬ፣ አንዱን ከሌላው ጋር በተርታ በየድኩ። እያንዳንዱ ሦስት ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ በድምሩ ሠላሳ ስድስት። ኤልኢዲ ደግሞ ሆዳም ነው፤ ካልመጠኑለት እስኪቃጠል ይጠጣል። ስለዚህ ከሠላሳ እስከ አርባ ቮልት የሚሰጥና ከሦስት መቶ ሚሊአምፔር በላይ የማያሳልፍ፣ ድራይቨር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መመጠኛ መርጬ ገጠምኩለት። ከዚህ በኋላ ነው እርስዎ የመጡት።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራዎ። በጋራ ክፍል የሚሰካ ዕቃ ሁሉ በእርስዎ እጅ ማለፍ አለበት ብለው ሲመጡ በእውነት በእጅዎ ያሳልፉታል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ድራይቨሩን በመዳፍዎ ሁለቴ አንጠር አንጠር አድርገው «አንቺ ዳሪንካ፣ ይሄ ባዶ እኮ ነው! ቅለቱን እስቲ እዪው! የእኛ ጊዜ ዕቃ እግርሽ ላይ ቢወድቅ ዓመት ያስነክስሽ ነበር» አሉኝ። እርግጥ ነው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሃያ ስምንት ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ አንድ ጣቃ በክንድዎ አንስተው ጥራቱን ይናገሩ እንደነበር ሁላችንም እንመሰክራለን። ኤሌክትሪክ ግን በጣቃ እንደማይመጣ የሚነግርዎት ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት አለመገኘቱ ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ስለማለትዎ። ለወንድሜ የሙት ዓመት ተዝካር አምስት ቀን ወደ መንደር ሄድኩ። እርስዎም ጀርባዬን ጠብቀው ድራይቨሩን ነቀሉና ያንን አራት ኪሎ የሚመዝን የድሮ የመኪና ባትሪ ቻርጀርዎን አስገቡ። የቻርጀሩ አሥራ ሁለት ቮልት ለሠላሳ ስድስቱ ቮልት አልበቃ ብሎ መብራቱ እንቢ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። እርስዎ ግን ተርታዬን ለሦስት ቆርጠው አራት አራቱን ጎን ለጎን አገናኟቸው። በራ! የሚመጥነው ስለሌለም በርቶ እንደማያውቅ ሆኖ በራ። ጎረቤት ሰብስበው «አያችሁ? መብራት ማለት ይሄ ነው! ፀሐይ ምድር ቤት ወረደች!» ማለትዎን ነግረውኛል። ፀሐይዎ ከምሳ እስከ እራት ኖረች፤ ነፍስ ይማር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽቦው። ከግድግዳው የመዘዙትን ያረጀ የአሉሚኒየም ሽቦ ከእኔ መዳብ ጋር በባዶው ጠምዝዘው በቁስል ፕላስተር አሸጉት። እኔ በዚያው ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የሽመና ማሽን ሞተር ስጠግን ሁለቱ እንዲህ ተጋብተው በሰላም ሲኖሩ አላየሁም፤ መጋጠሚያው ይላላል፣ ይግላል፣ ከዚያም ይነዳል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ሰው እርስዎን ሳያውቅ መሞቱ ለእሱ ዕረፍት ነው። ግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ጠቁሯል። ከዚያ ክፍል በላይ ሁለት ሕፃናት እንደሚተኙ ለማስታወስ ያህል ነው።

አራተኛ፣ ስለ ማፈርዎ። ጭሱ ሲሸትዎ የምድር ቤቱን መብራት ቆርጠው፣ በሩን በጓጉንቸር ቆልፈው፣ ለማንም ሳይናገሩ እራትዎን በሉ። ችግኞቹ ሦስት ቀን በጨለማና በብርድ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ባለቤትዎ ወይዘሮ ሮክሳንዳ ቁልፉን ከኮትዎ ኪስ አውጥተው ባይደርሱላቸው ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር። «ወንድ ልጅ ሲያፍር ቁልፍ ይወዳል» አሉኝ ስመለስ። «ይሄንንም ጻፊው፤ እኔ እንደሆነ አልፈራውም» ብለውኛልና ጽፌዋለሁ።

ከሃያ ዘጠኙ ስድስት ተረፉ። የቀሩት አፈሩ ላይ እንደ ክር ተኝተው ነበር። አልዋሽዎትም፣ አለቀስኩ። በተዝካሩ ላይ እንቢ ያለኝ እንባ በእርጎ ኩባያ ላይ መጣ። እነዚያ ስድስቱ ካለቁ ከወንድሜ እጅ የወጣ ነገር በዚህ ምድር ላይ አይኖርም።

ስለዚህ ላደረጉልኝ ሁሉ ከልብ እያመሰገንኩ፣ አንድ የመጨረሻ ውለታ እለምናለሁ፤ ምንም አያድርጉ። የክፍሉን ቁልፍ እሑድ ሳይደርስ ለባለቤትዎ ይስጡ። አዲስ መብራት ሠርቻለሁ፤ ድራይቨሩ ተመጥኗል፣ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ ነው፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተበይዶ ተሸፍኗል። ችግኞቹ ግንቦት ገብቶ ሜዳ እስኪወጡ ድረስ ሊረዷቸው ከፈለጉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጡ። አላዋቂ ሳሚ የሚለቀልቀውን እኔ ጠርጌ ጨርሻለሁ።

እርስዎ ባሉበት ሕንፃ ውስጥ በሕይወት መቆየቷን በየማለዳው በመደነቅ የምታመሰግን፣
ትሑት ጎረቤትዎ
ዳሪንካ ሚቲች

ማሳሰቢያ፦ ከስድስቱ አምስቱ አጠር ያሉ፣ ወፍራምና አረንጓዴ ናቸው። ስድስተኛው ብርሃን ፍለጋ በጨለማው ውስጥ ሲንጠራራ የከረመ ነው፤ ከሁሉ ይረዝማል፣ ከሁሉ ገርጥቷል፣ እንጨት ካልተደገፈ አይቆምም፣ ያም ሆኖ ሌሎቹን ቁልቁል ያያቸዋል። ልጥለው አንስቼው ሳለ ወይዘሮ ሮክሳንዳ ከእጄ ቀሙኝና «ተይው፣ ቁርጥ እሱን!» ብለው ስምዎን በኩባያው ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉበት።