እማማ ደጊቱ የሳቁበት ፎቶ

እሑድ
ታከለ ዛሬም መጣ፤ አርባ ፎቶ በላስቲክ ከረጢት ይዞ። ቀን ቀን ፋብሪካ ያጸዳል፤ ሲያርፍ ካሜራውን አንጠልጥሎ ሰፈራችንን አሚሻቭን ያስሳል። ወደዚህ አገር ሳልመጣ ጎንደር፣ አጎቴ ፎቶ ቤት ስድስት ዓመት ፎቶ ሳጥብ መኖሬን ሰምቶ እንደ ዳኛ ያየኛል። የሰፈራችን መሰብሰቢያ መትናስ ሐሙስ አንድ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሊሰቅልለት ነው። "እትዬ፣ የምትሰቀለውን ምረጪልኝ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አትራሪልኝ" አለ።

አልራራሁም። ሠላሳ ዘጠኙ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። "እግራችንን እንዳትቆርጠው ይሉኛል" አለ። እውነቱን ነው፤ የኛ ሰው እግሩ ካልወጣ ፎቶ ተነሣሁ አይልም። ግን እግር አስገባለሁ ሲል ፊታቸውን ሽምብራ አሳክሎታል። ይህንኑ ነገርኩት፤ ሳቀ።

አርባኛውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ እማማ ደጊቱ በረንዳ ላይ ናቸው። ለልጃቸው ለባየ የሚሠሩትን ሹራብ ደረታቸው ላይ ለክተው ይስቃሉ። እግር የለ፣ ምን የለ፣ ሳቅ ብቻ። እንዲህ ያለ ፎቶ አጥቤ አላውቅም።

ባየ ወደኛ ሲመጣ መንገድ ላይ፣ ሱዳን ሞቷል። ወሬው ከደረሰን ሦስት ሳምንት ሆነ፤ እናቱ አያውቁም። መርዶው የሚነገረው ወንድማቸው ከቤርሸባ ሲመጡ ነው። ታከለም አልሰማም፤ ምስጢር አይቋጥርም ተብሎ ተደብቆታል።

"ይቺስ?" አለኝ ዓይኑ በርቶ።
"ብዥ ብላለች፣ ጣላት" አልኩት።

ሰኞ
ታከለ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ። "ከሁሉም የወደድኳት እሷን ነበር። ብዥታዋ አልታየኝም። እንግዲያ ዓይን የለኝም፤ ካሜራውን እሸጠዋለሁ።"

"አትቸኩል" አልኩት። ጥሩ ናት ብዬ ብነግረው ሐሙስ ትሰቀላለች፤ የሚያውቅ ሰው ፊቷ ቆሞ ያለቅሳል፤ እናትየው መርዶአቸውን ከግድግዳ ይሰማሉ። ዝም ብል ደግሞ ይህን ልጅ ሰበርኩት። ምን ይሻላል?

ከሰዓት እማማ ደጊቱ ሹራቡን ይዘው ወረዱ። "እጅጌው አጠረ እንዴ?" አሉኝ። ክንዴ ላይ ለካሁት። "በልኩ ነው" አልኩና አብሬአቸው ሳቅሁ። ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ
ወንድምየው ትናንት ማታ ገቡ። ዛሬ ማለዳ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደው አረዷቸው። ጩኸታቸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ታከለ ሰምቶ ሲሮጥ መጣ። እማማ ደጃፍ ላይ ያዝኩት። "ፎቶዋ ብዥ አላለችም። ዋሸሁህ። ካነሣኸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት" አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።

ዓርብ
ትናንት የታከለ ፎቶ ሳይሰቀል ቀረ። ዛሬ እማማ ደጊቱ ልቅሶው ላይ፣ እኔም ባለሁበት፣ ታከለን አስጠሩት። ያነሣቸው ፎቶ ትዝ ብሏቸዋል። ሳይጥለው ኖሮ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ብዙ አዩት።

"ስታነሣኝ ታውቅ ነበር?"
"ኦሪት ምስክሬ ናት፣ አላውቅም ነበር እማማ።"

ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ? ሹራቡን ስትለኪ?"

እንደገና መዋሸት አቃተኝ። "አውቅ ነበር" አልኩ። የልቅሶው ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ከልቡ የሳቀልኝ ይህ ልጅ ብቻ ነው" አሉ። ፎቶውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

ታከለ ሲወጣ "በሰደር፣ እሺ፣ ካሜራውን አልሸጥም" አለኝ፤ ፊቴን ግን አላየም። እማማም ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። ነገ ሰንበት ነው። ወደ ላይኛው ፎቅ እወጣለሁ። ቢያባርሩኝም ደጃቸው እቀመጣለሁ።