ስምህ ከቅሬው ሲወርድ

ይማሜ፣ ሰላሜ ባለህበት ይድረስህ።

ከተለየኸኝ ወዲህ በጋው ተጋምሷል። ሰደቃህን አውጥተናል፤ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መጥቶ መርቆልሃል። እኔ ደግሞ ቀብረንህ ከተመለስን ጀምሮ በሆዴ ያጠራቀምኩት ብዙ ወሬ አለ። በሕይወት እያለህ ወሬዬን እስክጨርስ አትታገስም ነበር። አሁን ልታቋርጠኝ አትችልምና እስከ መጨረሻው ታዳምጠኛለህ።

ቤቱ ደህና ነው። ዘይቱናው አፍርቶ ወፍ ጨረሰው። "ነገ እጠግነዋለሁ" እያልክ ዓመት ያስቆጠርከውን የጓሮ በር ወንድምህ ሁሴን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠራው፤ አንተን እያማሁ እሱን አመሰገንኩ። ኮትህ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። እጅጌው ላይ ያለው የጠመኔ ብናኝ እንዳይረግፍ ብዬ አላጠብኩትም። ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ትልቁ ወሬ ደግሞ ይኸውልህ፤ ክፍልህን እኔ ወረስኩት። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ነው የሄድከውና፣ የኮሌጃችን ዲን አስጠርቶ ሥነ ዜጋውንና የአሜሪካን መንግሥት አወቃቀር እስከ ፈተናው ድረስ እንድይዝልህ ለመነኝ። እኔ የታሪክ መምህርት! ስለ ነገሥታት ጠይቁኝ እንጂ ስለ ሴኔት ምን አውቃለሁ? ከሐይቅ ደሴ በሚኒባስ ስንመላለስ ስትለፈልፍብኝ የኖርከው ነገር ግን ለካ ሳላስበው ገብቶኝ ኖሯል። እንዳንተው ከዋሽንግተን ሳይሆን ከቅሬ ጀመርኩ። ሰው ሲሞትብን አብሮን የሚቀብረው፣ ለቅሶ የሚደርሰው ቅሬ ሕጉን የሚያወጣለት ማን ነው? የሚያስፈጽመውስ? ጥፋት ሲኖር የሚዳኘውስ? ይህን ስጠይቅ ክፍሉ እንደ ማክሰኞ ገበያ ተንጫጫ፤ የማያውቀው የለማ። ከዚያ በኋላ ኮንግረሱም ፕሬዚዳንቱም ፍርድ ቤቱም ብዙ አላስቸገሩኝም።

ሐይቁ ዳር አሳ እየበላን ያረምከውን ፈተና ታስታውሳለህ? ኮንግረሱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ቢል ምን ይደረጋል ብለህ ጠይቀህ፣ የክፍሉ እኩሌታ "ሽማግሌ ይላክበታል" ብሎ የጻፈውን? እኔ ዜሮ ስጣቸው አልኩህ። አንተ እንባህ እስኪፈስ ስቀህ ግማሽ ግማሽ ነጥብ ሰጠሃቸው። ኮንግረሱ እምቢታውን የሚሽርበት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እስኪሞላ ድረስ እዚያስ ቢሆን ሰው ሰውን ሳይለማመጥ ይቀራል ወይ ብለህ ተከራከርከኝ። ተኳርፈን ቤት ገባን። እንዴት ያለ ጥሩ ኩርፊያ ነበር!

ጉዱ የፈላው ስለ ምርጫ ሳስተምር ነው። የአሜሪካ ሴቶች ድምፅ ለመስጠት ስንት ዘመን እንደታገሉ በሙሉ ልቤ እያስረዳሁ ሳለ፣ ለምለም የምትባል ከግሸን ሥር የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው። እርስዎ በቅሬዎ ድምፅ ይሰጣሉ ወይ አለችኝ። ቤታችን ይሰጣል አልኳት። "ቤት እጅ ያወጣል እንዴ?" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ከሞትክ ወዲህ በቅሬው ስብሰባ ያንተን ቦታ የያዘው ሁሴን ነው። የቅሬው ዳኛ አያ መኮንን ስም ሲጠራ ያንተንም ይጠራል። "ይማም!" ይላል፤ ሁሴን "አቤት!" ይልልሃል። ስብሰባው ከአጥራችን ባሻገር ካለው ዋርካ ሥር ስለሆነ እኔ ጓሮ ሆኜ እሰማለሁ። የስብሰባ ቀን ሌላ ሥራ አልይዝም ነበር። ስምህ ተጠርቶ አቤት ሲባልልህ፣ ወላሂ፣ ያለህ ይመስለኛል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት በራሷ ስም አባል መሆን ትችል እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅም አልፈለግሁም።

ከለምለም በኋላ ግን አያ መኮንን ቤት ሄድኩ። በራሴ ስም መግባት እችል እንደሆነ ጠየቅሁት። "ሴት አትግባ የሚል ሕግ የለንም፤ ልግባ ብላ የመጣችም የለችም። ግን ልጄ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ስም አይጠራም። የሱ ካልወረደ ያንቺ አይገባም" አለኝ።

ስለ መብት ማስተማር ቀላል ነው፤ መብቴን የምይዘው ስምህን አስወርጄ እንደሆነ ግን ማን አስቦ? ሁሴን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ለወንድሜ ስም በሕይወት እስካለሁ አቤት እልለታለሁ፣ ምን አስቸገረሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አላስቸገረኝም። ለምለምን ግን በየሳምንቱ ፊት ለፊት አያታለሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ አለመጠየቋ ባሰብኝ። አንተ ብትኖር ምን እንደምትል አውቃለሁ። የሞተ ሰው ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ ምን ዓይነት ምርጫ ነው ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅህ በጆሮዬ እየመጣ አለቀስኩ።

ባለፈው ስብሰባ ሻርፔን አጥብቄ ከዋርካው ሥር ሄድኩና በስምህ ቦታ ስሜ ይግባልኝ አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ አባል ሁሉ በተራው መቃብር ይቆፍራል፤ የሷን ተራ ማን ሊቆፍርላት ነው አሉ። ያኔ ሁሴን ተነሣ። ሊቃወመኝ ነው ብዬ ነበር። "የሷን ድርሻ እኔ እቆፍራለሁ። እጅ ማውጣቱን ግን እሷ ታውቅበታለች፤ መምህርት ናት፣ እንጀራዋ እሱ ነው" አለ። ሰው ሳቀ፤ ነገሩም በሳቅ አለቀ። አያ መኮንን መረቀኝ፣ አሜን አልን።

ከዚያ ስም መጥራት ጀመረ። ያንተ ተራ ጋ ሲደርስ ልማድ ሆኖበት "ይ..." ብሎ ያዘው። ቀና ብሎ አየኝና "ዘይነብ!" አለ። አለሁ አልኩ። ድምፄ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከሰዎቹ መሃልም አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያው ቀን ተፈናቅለው ወደ ሰፈራችን የመጡ ቤተሰብ ቅሬው ይግቡ አይግቡ ተባለ። ይግቡ ብዬ እጄን አወጣሁ። ይማሜ፣ እጄ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ሰዎቹም ገቡ። ለለምለም ገና አልነገርኳትም፤ ሰኞ እነግራታለሁ።

ቤት ስገባ ግን ያላሰብኩት መጣብኝ። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ስምህን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። በሩን መለስ አደረግሁና ልክ እንደ አያ መኮንን "ይማም!" ብዬ ተጣራሁ። ትንሽ ጠበቅሁህ። ከዚያ እኔው "አቤት" አልኩልህ።

አላህ ጀነቱን ይወፍቅህ። እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ስምህ ሳይጠራ አይመሽም፤ አቤት ባይም አታጣም።

ያንተዋ ዘይነብ